የሚንኳኳውና የሚወልቀው

አሮጌ መኪና ለቦሎ ምርመራ ገብቶ ሲወጣ፣ ከሚጻፉበት ጉድለቶች መካከል የእግር ዕቃ አይጠፋም። «ቴስቲና ላልቷል፣ ሾክ አብዞርቨር ያፈስሳል፣ የብራቾ ጎሚኒ አልቋል፣ ባሌስትራ ተሰብሯል፣ የማረጋጊያው ዘንግ ማያያዣ ላልቷል።» ወረቀት ላይ ሲደረደሩ እኩያሞች ይመስላሉ። ነገር ግን አንዱ ሰው ይገድላል፣ አንዱ ጎማ ይበላል፣ አንዱ ደግሞ ጆሮ ከማሰልቸት አያልፍም። ባለመኪናው ገንዘብ ሲያጥረው በአብዛኛው አስቀድሞ የሚያሠራው የሚንኳኳውን ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ምርመራው የቆመው በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ላይ ነው። «አሮጌውን ሸጦ አዲስ መግዛት ነው» ማለት ደግሞ ለመናገር ብቻ ይቀላል። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጫነ፤ በ2016 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ሃይስ፣ አይሱዙና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይጠገናል።

የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር አስፋልት በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ያልፋል። ከእሱ ተገንጥሎ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ፈረስ ቤት ሽቅብ ለሚወጣ መኪና ግን የእግር ዕቃ ዕድሜ በሌላ ሒሳብ ይቆጠራል። ዳገቱ፣ ጠጠሩና የክረምቱ ጭቃ አለ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከልክ ያለፈ የድንችና የገብስ ጭነት ይጨመርበታል።

የሚገድለው ቴስቲና ነው። ጭናችን ከዳሌ ጋር እንደሚጋጠመው፣ ክብ የብረት ራስ በጎድጓዳ ቤቱ ውስጥ ይዞራል። የመሪው ቴስቲና ጎማውን ያዞራል፤ የብራቾው (ጎማውን የያዘው ክንድ) ቴስቲና ጎማውን ከመኪናው ጋር ያያይዛል። ሁለቱንም ከአቧራና ከውኃ የሚጠብቃቸው ስስ የጎማ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከተቀደደ ግሪሱ ይወጣል፣ ደቃቅ አሸዋ ይገባል፣ ብረት ብረትን ይፍቃል። ክፋቱ ብዙ ጊዜ ድምፅ የማያሰማ መሆኑ ነው፤ የመኪናው ክብደት ስለተጫነው ክፍተቱ ይደበቃል፣ ሾፌሩም ምንም ሳይሰማ ቴስቲናው አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ ይወልቃል። ያን ጊዜ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ መሪም ፍሬንም አያድኑም።

ስለዚህ ፍተሻው ክብደቱን አንስቶ ነው የሚደረገው። ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ግን እንደ መኪናው ይለያያል። ሞላው በታችኛው ብራቾ ላይ ለተቀመጠ መኪና ክሪኩ ከዚያው ብራቾ ሥር ይገባል። እንደ ብዙዎቹ ኮሮላዎች ሞላና ሾክ አብዞርቨር አንድ ላይ ለቆሙለት ደግሞ ቦዲው ተነስቶ ጎማው ይንጠለጠላል። ከዚያ ጎማውን ላይና ታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ቢነቃነቅ ወዲያው ቴስቲና ነው ማለት አይቻልም፤ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ በአብዛኛው የብራቾው ቴስቲና ነው። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ሲነቀንቁት የሚሰማው ልቀት በአብዛኛው የመሪውን ቴስቲና ያመለክታል። በኋላ ለሚገጠመው አዲስ ቴስቲናም ዳዶው እንዳይፈታ የሚገባውን ኮፒሊያ መርሳት ሥራውን እንዳልተሠራ ያደርገዋል።

ሾክ አብዞርቨር ክብደት አይሸከምም፤ ሞላው ወይም ባሌስትራው ሲነጥር የሚያረጋጋው እሱ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጥ ውስጡ ያለው ዘይት ይግላል፣ አረፋ ይሆናል፣ ኃይሉም ይደክማል። አንገቱ ላይ ዘይት ካወጣ ጊዜው አልፏል። ሲለወጥም የግራና የቀኙ አብሮ ነው፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ የሆነ መኪና በመታጠፊያ ላይ አይታመንም። ጎማ አልፎ አልፎ ጎድጎድ እያለ ሲበላ ያየ ሰው መጀመሪያ ሾክ አብዞርቨሩን ይጠርጥር።

ጎሚኒ፣ በብራቾው መጋጠሚያ የሚገባው ጎማ፣ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ይናቃል። ሲያልቅ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሳባል። አገጣጠሙ ላይ ብዙ ጋራዦች የሚስቱት ነገር አለ፦ የብራቾው ቡሎን በመጨረሻ የሚጠበቀው መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ክብደቱ ካረፈበት በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ጎሚኒው መኪናው ገና ሲወርድ ተጣሞ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ከዚያ «ዕቃው ፌክ ነው» ይባላል። የተቃጠለ ዘይት በመርጨት ድምፅ ማጥፋትም የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ድምፁን ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኛል፣ ጎሚኒውን ግን አሳብጦ ያበሰብሰዋል።

ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበው ጠፍጣፋ የብረት ሞላ፣ የአይሱዙና የሃይስ የኋላ እግር ነው። ብረቱ ተጎብጦ የሚመለሰው በልዩ ሙቀት ስለተቃኘ ነው፤ የተሰበረውን መበየድ ወይም የተዘረጋውን በእሳት አግሎ መቆልመም ይህን ቅኝት ያጠፋዋል። የተበየደ ባሌስትራ ከብየዳው ጎን ይሰበራል። ጭነት ለመጨመር ተጨማሪ ብረት መደረብም ዋጋ ያስከፍላል፤ ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፣ ሸክሙም በሻንሲው ላይ ያርፋል። የተጣለውን የሚፈልግ ግን አይጠፋም፤ ቀጥቃጭ እንደገና አግሎ ቢላና ማጭድ ያወጣበታል፣ ብረቱ ጠንካራ ነውና። ለቢላ የሚሆን ሁሉ ለመኪና ይሆናል ማለት ግን አይደለም።

እንግዲህ ገንዘብ ለሁሉም ካልበቃ፣ ቴስቲናውና የተሰበረው ዋናው የባሌስትራ ብረት ሳይሠሩ መኪናው ሰው ጭኖ ከፈረስ ቤት ቁልቁለት ባይወርድ ይሻላል። ሾክ አብዞርቨር ይከተላል። ጎሚኒው፣ መኪናው በእርጋታ እየተነዳ፣ ጥቂት ሳምንት ሊታገስ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ጆሮ የሚበጠብጠው የማረጋጊያው ዘንግ ማያያዣ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ቢሠራ አይጎዳም። አሮጌ ቴስቲና ከሰልባጅ መግዛት ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ ውስጡ አይታይም።

ቴስቲና ወይም ብራቾ የተነካበት መኪና አላይመንት ሳይሠራለት ከቆየ አዲሱን ጎማ በአንድ ጠርዝ ይጨርሰዋል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖችም ከመጀመሪያዎቹ የጭነት ጉዞዎች በኋላ ይረግባሉ፤ ወደ ጋራዡ ተመልሶ እንደገና ማስጠበቅ የጥገናው አካል ነው።