በ29 ዓመቱ ጫማውን የሰቀለው ክሪኬተኛ

ስማችሁ ገና ሲገን ስራችሁን ትለቃላችሁ? ራማን ሱባ ሮው ለቋል።

ለንደን ውስጥ ከህንዳዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወለደ። በ1958 እ.ኤ.አ. ለኖርዝሃምፕተንሻየር ክለብ በአንድ ጨዋታ 300 ነጥብ አስቆጠረ። በ1961 ለእንግሊዝ ተሰልፎ አውስትራሊያ ላይ 112 እና 137 ነጥብ አከለበት። በዚያው ዓመት፣ በ29 ዓመቱ፣ በቃኝ አለ።

ከክሪኬት ግን አልራቀም። የሰሪ ክለብ፣ ቀጥሎም ከ1985 እስከ 1990 የእንግሊዝ ክሪኬት ቦርድ ሊቀመንበር ሆነ። ከባዱ ፈተና የመጣው በ1987 ነው። ፓኪስታን፣ ፋይሰላባድ ላይ የእንግሊዙ አምበል ማይክ ጋቲንግ ከዳኛው ሻኩር ራና ጋር ጣት እየተቀሳሰረ ተጨቃጨቀ፤ አንድ ሙሉ ቀን ያለ ጨዋታ አለፈ። ጋቲንግ በጽሁፍ ይቅርታ ጠየቀ። ሱባ ሮው ደግሞ ለተጫዋቾቹ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ጉርሻ አስከፈለ። «ጥፋት ይሸለማል እንዴ?» የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ትችቱም አልቀረለትም።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከ1992 ጀምሮ የዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ታዛቢ ዳኛ ሆኖ የተጫዋቾችን ዲሲፕሊን ተቆጣጠረ። በ2024፣ በ92 ዓመቱ አረፈ። ለእንግሊዝ የተጫወተው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከጠረጴዛ ጀርባ ያሳለፈው ግን አስርት ዓመታትን።