ፒክአፕ መኪናና የግብር ቅናሽ፦ ለባሌ አጥቢያዎች ጥያቄ የተሰጠ ማብራሪያ

በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያው ካሉ አጥቢያዎች የልማት ኮሚቴዎች ጋር በተወያየን ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። «የወፍጮ ቤታችን ትርፍ በግብር ከሚያልቅ በድርጅቱ ስም ፒክአፕ ብንገዛበት አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከመልካም ሐሳብ የመነጨ መሆኑን እናምናለን። ለዚህ ውሳኔ የሚወጣው ገንዘብ ግን ከምእመናን አሥራትና ከብዙ ዓመት ድካም የተጠራቀመ ነውና፣ ጉዳዩን በዚህ ዕትም ዘርዘር አድርገን ለማየት ወደድን።

በመጀመሪያ መለየት ያለበት ግብር የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ነው። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ከዋና ዓላማው የሚያገኘው ገቢ ከግብር ነፃ ነው። ስለዚህ አሥራቱ፣ በኵራቱ፣ ስእለቱና ሙዳየ ምጽዋቱ ግብር የሚከፈልባቸው አይደሉም። ግብር ከማይከፈልበት ገቢ ላይ ደግሞ የሚቀነስ ግብር የለም። አንድ ደብር በራሱ ስም፣ በራሱ ሣጥን ገንዘብ ፒክአፕ ቢገዛ በግብር በኩል የሚያተርፈው አንዳች ነገር አይኖርም ማለት ነው። መኪናው አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ «ግብር ይቀንስልናል» የሚለው ምክንያት ግን እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

ቅናሹ የሚመለከተው ቤተ ክርስቲያኒቱ በንግድ ፈቃድ አቋቁማ ግብር የምትከፍልበትን ድርጅት ነው፤ ወፍጮ ቤቱን፣ የወተት ሀብት ልማቱን፣ የእህል መጋዘኑን። እንዲህ ያለው ድርጅት የሕግ ሰውነት ካለው በደረጃ «ሀ» ተመድቦ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፤ ከተጣራው ትርፉም 30 በመቶ ይከፍላል። በድርጅቱ ስም የተገዛና ለድርጅቱ ሥራ የዋለ መኪና በዚህ ትርፍ ላይ የእርጅና ቅናሽ ያስገኛል። በሁለቱ ኪሶች መካከል ያለው ግድግዳ ግን ጽኑ ነው። ሊብሬው በደብሩ ስም ሆኖ ወጪው በወፍጮ ቤቱ መዝገብ ቢጻፍ፣ ወይም መኪናው የድርጅቱ ሆኖ ሥራው ሁሉ የደብሩ ቢሆን፣ ግብር ሰብሳቢው ቅናሹን ባይቀበል አያስደንቅም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የመኪናው ዋጋ ለስሌት እንዲመች 4,000,000 ብር ነው እንበል። «ከግብር ይቀነሳል» ሲባል አራቱ ሚሊዮን ብር ከምንከፍለው ግብር ላይ የሚነሣ የሚመስላቸው አሉ። እንደዚያ አይደለም። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 410/2009 ተሽከርካሪን ለመሰለ ንብረት የተፈቀደው የእርጅና ቅናሽ በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 15 በመቶ ነው። ይኸውም 600,000 ብር ሲሆን የሚቀነሰው ከትርፉ ላይ እንጂ ከግብሩ ላይ አይደለም። ከትርፉ 600,000 ብር ሲቀነስ ግብሩ የሚቀንሰው በዚያው 30 በመቶ፣ ማለትም በ180,000 ብር ነው። ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ሲሞላ የመኪናው ዋጋ ሁሉ ተቀንሶ ያልቃል፤ በጠቅላላው የቀነሰው ግብርም 1,200,000 ብር ይሆናል። የቀረው 2,800,000 ብር ከድርጅቱ ኪስ የወጣ ነው። 30 ሳንቲም ግብር ለማዳን አንድ ብር ማውጣት ዕቃው ለራሱ ካላስፈለገ በቀር ጥቅም ሊባል አይችልም።

ሌላው የተፈቀደ ዘዴ በየዓመቱ ከቀረው የመዝገብ ዋጋ ላይ 20 በመቶ መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት በመጀመሪያው ዓመት 800,000፣ በሁለተኛው 640,000፣ በሦስተኛው 512,000 ብር ከትርፉ ይቀነሳል። የሦስቱ ዓመታት የግብር ቅናሽ ሲደመር 585,600 ብር ነው፤ በቀጥተኛው ዘዴ ግን 540,000 ብር ነበር። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ቀጥተኛው ዘዴ ይቀድማል፤ 720,000 ብር ለ708,480። ልዩነቱ ይህን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ተማክሮ አንዱን መርጦ በወጥነት መያዝ እንጂ ብዙ ክርክር አያሻውም።

ከዚህ ይልቅ ትልቅ ልዩነት የሚያመጣው ሽያጩ ነው። በሀገራችን መኪና ሲያረጅ ዋጋው የሚወድቅ ዕቃ አልሆነም፤ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ከተገዛበት በላይ የተሸጠ መኪና ሁላችንም እናውቃለን። በአዋጁ መሠረት የእርጅና ቅናሽ የተደረገበት ንብረት ከመዝገብ ዋጋው በላይ ሲሸጥ ልዩነቱ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል። ከላይ ያየነው ፒክአፕ በሰባተኛው ዓመት የመዝገብ ዋጋው ዜሮ ደርሶ በ4,000,000 ብር ቢሸጥ፣ ገንዘቡ በሙሉ የዚያ ዓመት ገቢ ይሆናል፤ ግብሩም 1,200,000 ብር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ «አተረፍነው» ያልነው ግብር እንዳለ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የተገኘው ጥቅም የክፍያው ጊዜ መራዘሙ ነው። የገንዘብ አቅም በሚደክምበት ዘመን ይህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ግን ስሙን አውቆ መጥራት ይገባል፤ ስጦታ ሳይሆን የቆየ ዕዳ ነው።

የመኪናው አጠቃቀምም ከሒሳቡ አይለይም። ቅናሹ የሚፈቀደው ለንግዱ ሥራ በዋለው መጠን ነው። በአጥቢያችን ያለውን ልማድ እናውቃለን፤ መኪና ካለ ታማሚ ያመላልሳል፣ ለቀብር ይወጣል፣ ለንግሥ ድንኳን ይጭናል፣ ሰባኪ ይቀበላል። ይህ ሁሉ የተቀደሰ አገልግሎት ነው፤ የወፍጮ ቤቱ ንግድ ግን አይደለም። ከአሥሩ ጉዞ ስድስቱ ለድርጅቱ ከሆነ፣ ከ600,000 ብሩ ውስጥ መቀነስ የሚቻለው 360,000 ብር፣ የግብር ቅናሹም 108,000 ብር ነው። መኪናው ማታ ማታ የአንድ ኀላፊ ቤት የሚያድርና ለግል ጉዳዩ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ለሠራተኛው የተሰጠ የዓይነት ጥቅም ሆኖ በእርሱ በኩል ግብር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በጋቢናው ውስጥ ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብና የጉዞውን ምክንያት የሚመዘግብ ደብተር ይኑር። ደብተሩ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለሰበካ ጉባኤው የቁጥጥር ክፍልም መልስ ይሆናል።

ግብሩን ወደ ጎን ካደረግነው የሚቀረው ጥያቄ መኪናው በባሌ ምድር ምን ይሠራል የሚል ነው። ሥራው ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ላይ ብቻ ከሆነ ለአንዳንድ ጭነት ባጃጅ እንኳ ይበቃል። በሲናና፣ በአጋርፋና በጋሰራ የስንዴ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ በልግም መኸርም ይመረታል፤ ዝናቡ ሲወርድ ጥቁሩ አፈር ጎማን እንደ ጭቃ ቤት ልስን ይለብሰዋል። ለዚህ መንገድ አራቱም እግሩ የሚስብ፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና መፈለግ ቅንጦት አይደለም። ከጎባ ተነሥቶ በሳነቴ አምባ ወደ ሪራና ደሎ መና የሚወርደው መንገድም ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያቋርጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በአምባው ላይ ሲደርስ ከአቅሙ ሢሶ ያህሉ ይጎድለዋል። የደሎ መናን ቡናና ማር ወደ ጎባ ለማውጣት ያሰበ ማኅበር ተርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር መምረጡ በሒሳብም ያዋጣል።

የጋቢናው ነገርም ሊታሰብበት ይገባል። ኮሚቴዎች አብዝተው የሚወዱት ባለ ሁለት ጋቢናውን ነው፤ ምክንያቱንም መገመት አይከብድም። የተለመደው ፒክአፕ የመጫን አቅሙ አንድ ቶን ያህል፣ ማለትም አሥር ኩንታል ነው፤ ተሳፋሪዎቹም ከዚሁ ይቆጠራሉ። አምስት ሰው ከገባበት ለስንዴው የሚቀረው ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ ነው። የኋላው ጭነት መጫኛም በባለ ሁለት ጋቢናው ላይ ያጠረ ነው። ሥራችን ዱቄት ማመላለስ ከሆነ ነጠላው ጋቢና የተሻለ አገልጋይ ነው፤ ለንግዱ ሥራ መዋሉንም ያለ ብዙ ቃል ያስረዳል።

መኪናው ያገለገለ ከሆነ ጥንቃቄው ይበዛል። በሽያጭ ውል ላይ ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ በደል ሆኗል። ከሕግም ከኅሊናም ጋር የማይስማማ መሆኑን አባቶች ከእኛ ይልቅ ያስተምራሉ፤ እኛ የምንጨምረው የሒሳቡን ነው። አራት ሚሊዮን ከፍሎ በውሉ ላይ ሁለት ሚሊዮን ያስጻፈ ድርጅት የእርጅና ቅናሽ የሚያገኘው በሁለቱ ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ሲሸጠው ደግሞ ትርፉ ያበጠ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው አደጋ ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና ነው። ለኢንቨስትመንት ወይም ለእርዳታ ሥራ ከቀረጥ ነፃ የገባ ፒክአፕ መብቱ ለሌለው ሰው ሊተላለፍ የሚችለው ቀረጡና ታክሱ ሲከፈል ነው። ዋጋው ከገበያው እጅግ ወርዶ የቀረበልን መኪና ሲኖር፣ ቀብድ ከመስጠታችን በፊት የጉምሩክ ሰነዱንና የሊብሬውን ይዘት እናስመርምር።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ፣ ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችም የታክስ ማበረታቻ መሰጠቱ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም፤ ይህ ለባሌ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ብርድና ረጅም ዳገት የባትሪውን ጉዞ ያሳጥራሉ። ኃይል መሙያው በወፍጮ ቤቱ መስመር ላይ መጫን መቻሉ ሳይረጋገጥ ውል መፈረም አይገባም።

ለብዙ አጥቢያ ግን የተሻለው መንገድ ኪራይ ሊሆን ይችላል። ፒክአፑ የሚያስፈልገው በሁለቱ የመከር ወቅቶች 45 ቀን ብቻ ነው፤ ኪራዩም በቀን 6,000 ብር ነው እንበል፤ የዓመቱ ወጪ 270,000 ብር ይሆናል። በሕጋዊ ደረሰኝ የተከፈለ ኪራይ በዚያው ዓመት በሙሉ ከትርፍ ስለሚቀነስ ግብሩ በ81,000 ብር ይወርዳል፤ የተጣራው ወጪ 189,000 ብር ነው። የራስ መኪና ግን ቆሞም ቢሆን የሾፌር ደመወዝ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የቦሎና የጎማ ወጪ አለበት። ድርጅቱ ለአከራዩ ሲከፍል ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ እንዳለበት ግን አይዘንጋ። መኪናው በዓመት ከ200 ቀን በላይ የሚሠራ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ግዢው ያደላል።

ውሳኔው ወደ ግዢ ካዘነበለ ጊዜውን መምረጥ ይገባል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል ግብር ለመቀነስ ተጣድፎ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው። ቅናሹ የሚጀምረው መኪናው ለሥራ ዝግጁ ከሆነበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ በሰኔ አጋማሽ የተገዛ መኪና ለዚያ ዓመት የሚያስገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ከመኸሩ መከር አስቀድሞ የተገዛው ይሻላል። የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ፣ የሽያጩ ውል፣ በድርጅቱ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የተቆረጠው ደረሰኝ፣ የባንክ ማስተላለፊያው፣ የሊብሬውና የመድኑ ቅጂ በአንድ ማኅደር ይያዙ፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ማስታወቂያ እስከ ጥቅምት 30 ስለሚቀርብ ማኅደሩ ከመስከረም መጨረሻ በፊት ለሒሳብ ሠራተኛው ይድረሰው።