«ልቡ ከክፍል የለም» ከማለታችን በፊት



በእኛ በመምህራን መካከል አዘውትሮ የሚሰማ አንድ አቤቱታ አለ። ይኸውም «ይህ ልጅ ልቡ ከክፍል የለም» የሚል ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። አንድ ተማሪዬ ግን አሳፈረኝ። ማካፈል ሳስተምር ዘወትር ወደ በሩ ይመለከት ነበር። ደጋግሜ ከተቆጣሁት በኋላ ትምህርቱን ሊተው ማሰቡን ከጓደኞቹ ሰማሁ። ጠርቼ ሳነጋግረው በስደት መንገድ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልተማረና የማባዛት ሠንጠረዥ ጨርሶ እንደማያውቅ ተረዳሁ። ለመሆኑ ትኩረትንና ዕውቀትን ምን ያገናኛቸዋል?

እስቲ አንድ ሙከራ እናድርግ። የሚከተሉትን ፊደላት አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡና ሸፍናችሁ በቃላችሁ ጻፏቸው፦

ተ ባ አ ማ ስ ከ አ ዲ በ

ከዘጠኙ ስንቱን አገኛችሁ? አሁን ደግሞ እነዚያኑ ዘጠኝ ፊደላት በሌላ ቅደም ተከተል ተመልከቱ፦

አዲስ አበባ ከተማ

ይህን የሚስት የለም። ፊደላቱ አልተቀነሱም፤ ቀድሞ የምናውቃቸው ቃላት ስለሆኑ ግን በቀላሉ ያዝናቸው።

የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ጽሑፍ መጠኑን ሰባት ገደማ አድርጎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ወደ አራት ዝቅ ያደርጉታል። ነገሩ እንጨት እንደ መሸከም ነው። የተበታተነ እንጨት ሁለት እጅ ቶሎ ይሞላል፤ በገመድ የታሰረ ግን አንድ ሸክም ይሆናል። ገመዱ ዕውቀት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ኸርበርት ሳይመንና የሥራ ባልደረባው ይህንኑ በቼዝ ተጫዋቾች ላይ ፈትነዋል። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለ5 ሴኮንድ ሲያሳዩ ሊቁ ተጫዋች ከጀማሪው እጅግ የበለጠ አስታወሰ። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲደረደሩ ግን ብልጫው ጠፋ ማለት ይቻላል። ስለሆነም ሊቁን የረዳው የጨዋታ ዕውቀቱ እንጂ የተለየ አእምሮ አልነበረም።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። 432ን ለ6 እናካፍል። ሠንጠረዡን የሚያውቅ ልጅ 6 በ7 ሲባዛ 42 መሆኑን ሳይጨነቅ ያወጣል፤ ትኩረቱም ለአዲሱ ትምህርት ይተርፋል። የማያውቀው ልጅ በጣቱ 6፣ 12፣ 18 እያለ ሲቆጥር መምህሩ ቀሪውን 1 ጽፎ፣ 2ን አውርዶ፣ መልሱን 72 ብሎ ጨርሷል። ልጁ ቀና ሲል ሰሌዳው ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ወደ በሩ ቢመለከት ይፈረድበታል? በእንግሊዝኛ ሲማር እያንዳንዱን ቃል በልቡ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ቃሉን ሲፈታ ሐሳቡ ያመልጠዋል።

እርግጥ ነው፣ ረሀብ፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘንም ትኩረትን ይነሳሉ። ይሁን እንጂ የጎደለውን ትምህርት መሙላት በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ተማሪዎች፦ «አልገባኝም» ብላችሁ አትቁሙ፤ የቱ ጋ እንደጠፋባችሁ ተናገሩ። ስታጠኑም ደብተሩን ደጋግሞ ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ዘግታችሁ ያነበባችሁትን በቃላችሁ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ አንድ ጥናት ደጋግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን በቃላቸው ለማስታወስ የሞከሩት በለጧቸው።

ወላጆች፦ ማንበብና መጻፍ ባትችሉም ልትረዱ ትችላላችሁ። ማታ «እስቲ ደብተርህን ዝጋና ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ» በሉት። ልጃችሁ ስንት ዓመት ትምህርት እንዳቋረጠም ሳታፍሩ ንገሩን። ማፈር የሚገባን ሳንጠይቅ የተቆጣነው እኛ ነን።

ያ ተማሪዬ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ሠንጠረዡን ሲያጠና ሁለት ወር ቆየ። አሁንም በማካፈል አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ ነገር ግን ወደ በሩ መመልከቱን ትቷል፤ እጁንም ያወጣል።