የመጣህበት ቀን በማን አቆጣጠር ነው?

ከላፍቶ፣ ከመካኒሳና ከሳሪስ ወጥተው በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆቻችን ዜግነት ለመጠየቅ ሲነሡ ወደ ቤት ደውለው «እማዬ፣ የመጣሁት መቼ ነበር?» ይላሉ። ማመልከቻው ባለፉት 5 ዓመታት ከአገሪቱ የወጡበትንና የተመለሱበትን ቀን ሁሉ ይጠይቃልና። ከ6 ወር በላይ ውጭ የቆየ ሰው ኑሮው እንዳልተቋረጠ ማስረዳት አለበት፤ 1 ዓመት ከሞላው ቆጠራው ይቋረጣል። የታመመ አባት ለማስታመም መጥቶ ለሰነበተ ሰው የጥቂት ቀን ስሕተት ቀላል አይደለም።

ቤተ ሰብ የሚያስታውሰው በእኛ አቆጣጠር ነው። ጥር 11 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2021 ነበር፤ የ2012ቱ ጥር 11 ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች ነው። ዓመቱንም ብዙ ሰው ዝም ብሎ 8 ይደምርበታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን የሚደመረው 7 ነው።

ስለዚህ ፓስፖርት ሲታደስ አሮጌው አይጣል፤ ለሕፃናት መጫወቻም አይሰጥ። ማህተም ያልተመታበት ጉዞ ስለሚኖር የአውሮፕላን ቲኬቱም ይቀመጥ። ቀኑ በትክክል ካልታወቀ በግምት መሆኑ በግልጽ ይነገር፤ የተጻፈው በመሐላ የሚረጋገጥ ነውና።

የአጥቢያ ሽማግሌዎችና የፕሮጀክት ሠራተኞችም የምስክር ደብዳቤ ስትጠየቁ፣ ልጁ ስለሚወደድ ብቻ ያላያችሁትን ቀን አትጻፉ። ያያችሁትን ስትጽፉ ሁለቱንም አቆጣጠር አስፍሩ።