ያውቁ ኖሯል? በረዶው በስሜን፣ ጀልባው በጎርጎራ

የበረዶ ግግር ለማየት ብዙዎች አላስካ ድረስ ይሄዳሉ። መኪና በማይገባበት በጀልባ ይጠጋሉ፤ ወይም መንሸራተቻ በተገጠመለት ትንሽ አውሮፕላን ግግሩ ላይ ያርፋሉ። በጣና ሐይቅ ዳር ላለችው ለጎርጎራ ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው። ግን የበረዶ ግግር በአገራችንም ነበር!

በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የስሜን ተራሮች ከፍተኛ ጫፎች ግግር ተጭኗቸው እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በራስ ደጀንና በቧሂት አካባቢ ግግሩ እየገፋ ያወረደው የድንጋይ ክምር ዛሬም ይታያል።

የባሌም ሳነቴ አምባ እንዲሁ በግግር ተሸፍኖ ነበር። ያን ጊዜ ታዲያ ሰው አልጠፋም። ከባሕር ወለል ወደ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በፊንጫ ሀበራ ዋሻ መጠለያ ሰዎች እሳት አንድደው ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። የመሣሪያቸውን ባልጩት የሚያመጡትም ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ነው። እኔን ከሁሉ ይህ ይደንቀኛል።

የስሜን በረዶ ቀልጦ ጣና ገብቷል ብለው ያስባሉ? አልገባም፤ የወረደው ወደ ተከዜ ነው። ጣናን በዋናነት የሚሞሉት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው።

ጣና ራሱ በበረዶው ዘመን መገባደጃ ደርቆ እንደነበርስ? ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ጭቃ በቱቦ ስበው ሲያወጡ፣ ከታች ውኃ የራቀውና ጠጥሮ የቀረ ደለል አገኙ፤ በላዩ የበሰበሰ ደንገል፤ ከዚያ በላይ የሐይቅ ጭቃ። ሐይቁ የደረቀው የዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ዓለም ሲቀዘቅዝ ከባሕር የሚነሣው እርጥበት ቀንሶ፣ ክረምታችንም ደከመ። ሐይቁ መልሶ የሞላው የዛሬ 15 ሺህ ዓመት አካባቢ ነው።

እንደዚያ ባለ ደንገል ዛሬም ታንኳ ይሠራበታል። እየታሰረ ይገጣጠማል፤ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ጎርጎራ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የነገሥታት መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ ያየው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ያረፈው እዚሁ ጎርጎራ፣ በ1622 ነው። የጎርጎራዋ ደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሣር ክዳንዋ ሥር ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ይዛ ትጠብቅዎታለች።

የጣናዋ መርከብ ጣናነሽ ሁለትስ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ባሕር ዳር በየብስ፣ በተሽከርካሪ ተጭና መምጣቷን ያውቁ ኖሯል?

ወደ በረዶው እንመለስና፣ ዛሬ በአፍሪካ የበረዶ ግግር የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ብቻ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ እነዚህም እስከ 2050 ይጠፋሉ ብሏል።

ጣናስ? ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም ይዞታል። ስለዚህ ጎርጎራ ሲሄዱ፣ ሰው ተሰብስቦ እምቦጭ ሲነቅል ካገኙ ሱሪዎን ሰብስበው አብረው ይግቡ።