ተጨማሪ መረጃ፦ ስለ ደን የሚናገር ጨዋታ

ጨዋታ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ይመስላችኋል? «ቁም ነገር አዘል ጨዋታ» የሚባለው ከመዝናናት ባሻገር ለማስተማር፣ ራስን ለማወቅ ወይም የማኅበረሰብን ችግር ለመረዳት የሚዘጋጅ ጨዋታ ነው።

ለምሳሌ፣ ከሮቤና ከጎባ ከተሞች በስተምዕራብ፣ በአዳባና በዶዶላ ወረዳዎች፣ አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን እየጠበቁ ይጠቀሙበታል። ተመራማሪዎች ከ49 ማኅበራት 679 ሰዎችን በገንዘብ አጫወቱ። ሁለት ተጫዋቾች ለጋራ ያዋጡት ብር ተጨምሮበት እኩል ይካፈሉታል፤ ያላዋጣም ድርሻውን ያገኛል። ሌላው ሲያዋጣ እሱም የሚያዋጣ ሰው «አይቶ ተባባሪ» ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች የበዙባቸው ማኅበራት ደን የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኝቷል። አባሎቻቸው ደኑን እየዞሩ ለመጠበቅ ብዙ ጊዜ ይሰጡ ነበር። የአጭር ጊዜ ጨዋታ የዓመታትን ጥበቃ ማመልከቱ እጅግ ያስደንቃል!

እናንተም ሞክሩት። ሁለት ሁለት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ 4 ባቄላ ያዙ። ሳትነጋገሩ የፈለጋችሁትን ያህል አዋጡ፤ መምህራችሁ የመዋጮውን ግማሽ ይጨምርበትና እኩል ተካፈሉት። ሁለታችሁም 4 ካዋጣችሁ 6፣ 6 ይደርሳችኋል። አንዱ 4 አዋጥቶ ሌላው ምንም ካልሰጠ ግን የሰጠው 3 ሲቀረው ያልሰጠው 7 ይዞ ይወጣል። ጨዋታውን 5 ጊዜ ደጋግሙት። መዋጮው በየዙሩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? በደብተራችሁ መዝግቡ።