ዝናቡ የበረሃ፣ መሬቱ የረግረግ

የኢኑፒያት ሕዝብ ከሚኖርባት ከሰሜን አላስካዋ ኡትቂያግቪክ ከተማ በሐምሌ ወጣ ያለ ሰው ያለ ቦት ጫማ ቱንድራውን አያቋርጥም። እግሩ ሥር ውኃ፣ አሻግሮ ሲያይ ኩሬና ሐይቅ ነው። ዝናቡና ቀልጦ የሚለካው በረዶ ተደምሮ ግን በዓመት 150 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከ250 በታች የሚያገኝን አገር በረሃ ማለት የተለመደ ነው።

ምክንያቱ ያለው ከመሬቱ በታች ነው። ፀሐይ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ ማብቂያ ሳትጠልቅ ብትቆይም፣ ሙቀቷ የሚያሟሟው የላይኛውን ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ፐርማፍሮስት የሚባለው፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚቆየው መሬት አለ፤ ውፍረቱ እዚህ ወደ 400 ሜትር፣ በስተምሥራቅ ፕሩዶ ቤይ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ነው። ውኃ አይሰርግበትም። ብርዱ ትነትን ይቀንሳል፣ ሜዳውም ዝርግ ነው። ስለዚህ መሬቱ እንደማያፈስ ድስት ያገኘውን ጥቂት ውኃ ይዞ ይቀመጣል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሜዳው ቅርጽ ነው። በጥርና በየካቲት ብርዱ ሲጠና መሬቱ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ውኃ ይገባበትና እዚያው ይረጋል። በዓመቱ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል፣ እንደገና ይሞላል። በመቶና በሺህ ዓመታት ውስጥ አናቱ ሜትሮች የሚሰፋ የበረዶ ሽብልቅ ይሆናል። ሽብልቁ ሲፋፋ አፈሩን ገፍቶ ግራና ቀኝ ጠርዝ ያወጣል፤ ጠርዞቹ ሲገናኙ ባለ ብዙ ጎን ቦታ ይከባሉ፣ መካከሉ ኩሬ ይሆናል። ዳሩ ላይ የቄጠማ ዘመዶች ይበቅላሉ፤ ከደቡብ አሜሪካ ድረስ የመጡ ወፎች ጫጩት ይፈለፍሉበታል። ይህን ሁሉ ሕይወት የያዘው ክንድ የማይሞላ ጠርዝ ነው።

ሽብልቁ ከቀለጠ ጠርዙ ይሰምጥና ቦይ ይሆናል። መጀመሪያ ቦዩ በውኃ ይሞላል፤ ቦዮቹ ሲገናኙ ግን የኩሬው ውኃ ይፈስና መካከሉ ይደርቃል። ሙቀቱ መሬቱን በማጥለቅለቅ ጀምሮ በማድረቅ ሊጨርስ ይችላል።

ጉዳዩ የአላስካ ብቻ አይደለም። በሰሜኑ ዓለም ፐርማፍሮስት ውስጥ የተያዘው ካርቦን በአየር ላይ ካለው ወደ እጥፍ ይጠጋል። አፈሩ ሲሟሟ ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉታል፤ ውኃ በተኛበት ሚቴን፣ በደረቀበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የውኃው መቆምና መፍሰስ የዓለምን አየር የሚነካው በዚህ በኩል ነው።

የአካባቢው ሰዎች ለውጡን ከጓዳቸው ያውቁታል። ኢኑፒያት የዓሣ ነባሪ ሥጋ የሚያስቀምጡት ፐርማፍሮስቱን ቆፍረው በሠሩት ጉድጓድ ነበር። አሁን አንዳንዱ ጉድጓድ ውኃ እየገባበት ሥጋ ማቆየት አቅቶታል፤ ብዙ ቤተሰብም ወደ ኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ዞሯል።